ሳያዘነብሉት የሚቀዳው በራድ ወደ ጎባ ሲሄድ

ወደ ባሌ የሄድኩት አንድ የሻይ በራድ ለማድረስ ነው። ይህን ስናገር ወዳጆቼ ይስቃሉ፤ በዚያ ዘመን ሰው ወደ ባሌ የሚሄደው ጠመንጃ ይዞ ነበርና። ጠመንጃስ ባልደረባዬ ወልዴ ይዞ ነበር፤ ጥይት ግን አልነበረውም። ይህን የምጽፈው ባሌን አይተው ለማያውቁና ወደፊትም ለማያዩ የአዲስ አበባ ሰዎች ነው። ከእነሱም መካከል እዚያ ሰፊ መሬት ያላቸው ብዙዎች ናቸው።

መጀመሪያ በራዱን ላስረዳ። ጌታዬ ደጃዝማች አራዳ ካለ ነጋዴ የገዙት ዕቃ ነው። ሌላ በራድ ሁሉ እጀታውን ይዘው ሲያዘነብሉት ይቀዳል። ይህኛው ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። ክዳኑ እንደ ቱቦ ረዝሞ ወደ ሆዱ ይገባል፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ክዳኑን ሽቅብ ይስቡታል፣ ቀዳዳዋን በአውራ ጣት ይደፍናሉ፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ወደ ታች ሲጫኑት ሻዩ በአፍንጫው በኩል ወጥቶ ስኒ ውስጥ ይወርዳል። አፍንጫውም እንደ አሞራ ምንቃር ወደ ታች የታጠፈ ነው። ደጃዝማች ይህን በራድ ከገዙ በኋላ ግቢያችን እንግዳ አላጣም። አንዳንዱ ሻዩን አይወደውም ነበር፤ ሲቀዳ ለማየት ብቻ ደጋግሞ ይጠጣል። እኔ ጸሐፊያቸው ስለነበርኩ ከጀርባቸው ቆሜ አያለሁ። ሽታው ይደርሰኛል፤ ስኒው አይደርሰኝም።

የደጃዝማች እኅት ባል ፊታውራሪ አሰግድ ባሌን ካቀናው ጦር ጋር ዘምተው እዚያው ጎባ ላይ ቀርተው ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር «ጎባ ዛሬ ከአዲስ አበባ በምንም አታንስም» እያሉ ይልካሉ። ደጃዝማች ይህ ነገር ከነከናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና «በራዱን ለአሰግድ አድርስልኝ። ጎባ ከአዲስ አበባ ማነሷን ሲያየው ይወቀው» አሉኝ። ቀጥለውም «ደስ ካሰኘኸው መሬትና ገባር ይሰጥሃል» አሉ። ገባር ማለት ለማያውቅ፣ እህሉንና ማሩን፣ ሲፈለግም ጉልበቱን ለተመደበለት ጌታ የሚያቀርብ ባላገር ማለት ነው። እኔም የሰው ደብዳቤ ስጽፍ መኖሩ ሰልችቶኝ ስለነበር፣ ገና መንገዱን ሳላይ ገባሮቹ ታዩኝ።

አዋሽን ተሻግረን አርሲን ያቋረጥንበትን መንገድ በአጭሩ ላልፈው። ዝናብ ነበር፤ ቁንጫ ነበር። የአዲስ አበባ ቁንጫ ሰውን ይለምዳል፣ ጠግቦም ይተኛል። የአርሲው ግን እንግዳ አይቶ የማያውቅ ይመስል ዘመዶቹን ሁሉ ጠርቶ ነው የሚመጣው።

ሰኞ ዕለት ዋቤ ወንዝ ደረስን። ገደሉን ለመውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብን። በራዱን ለጭነት በቅሎ አላምናትም ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሥሬዋለሁ። በቅሎዋ የተሸከመችው ሻይ ቅጠሉን፣ ስኒዎቹንና ለፊታውራሪ የተላከውን ትልልቅ ሾጣጣ ስኳር ነው። ወንዙ መሀል ስትደርስ እግሯ ድንጋይ ስቶ በጎኗ ተኛች። ወልዴ ልጓሟን ይዞ እየጮኸ አስነሳት። ቅጠሉ በቆዳ ተሰፍቶ ስለነበር ተረፈ፤ ስኒዎቹም ጭድ ውስጥ ሆነው ተረፉ። ከስኳሩ ግን ወረቀቱ ብቻ ቀረ። ወልዴ ማዶ ወጥቶ ውሃውን በእፍኙ ቀመሰና «ጌታዬ፣ ይጥማል እኮ» አለኝ። ቢስቅብኝ ይሻል ነበር፤ እሱ ከልቡ ነው የተናገረው።

የዚያን ቀን ከአሞሌ ነጋዴዎች ጋር ቋጥኝ ሥር አደርን። ስለ ስኳሩ ስነግራቸው አዘኑልኝና «ሮቤ ገበያ ታገኛለህ፤ እዚያ የማይገኝ ነገር የለም» ብለው አጽናኑኝ።

ማክሰኞ ገደሉን ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። አዲስ አበባ በረዶ ሲጥል ሰው ደጅ ወጥቶ ያያል፤ ልጆችም ይለቅሙታል። አጋርፋ ሜዳ ላይ ግን የሚጠለሉበት አንድ ዛፍ እንኳ የለም፤ የሚለቀመውም ሰው ራሱ ነው። በራዱን አቅፌ ጎንበስ ብዬ ስሮጥ አንድ ጎጆ አየን። ደጃፉ ላይ የቆመ ረጅም ሽማግሌ በሁለት እጁ እየጠራን ነው። ስንደርስ በአማርኛ ጮኸብኝ።

«ግባ! ተቀመጥ! አውልቅ! እግር ዘርጋ!»

እንደ እስረኛ የሚያዘኝ ማነው ብዬ ደሜ ፈላ። ፊቱን ሳየው ግን በፈገግታ ተሞልቷል፤ እርጥብ ሸማዬን ራሱ ተቀብሎ እሳት ዳር ይዘረጋልኛል። ወልዴ ጆሮዬ ሥር መጣ። «አይቆጡ ጌታዬ። አማርኛ የተማረው ከወታደሮች ነው። ‹እባክህ› የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ማንም ነግሮት አያውቅም።» ወልዴ አርሲ ያደገ ስለሆነ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው ይናገረዋል።

የሽማግሌው ስም ከድር ነው፤ በአክብሮት ኦቦ ከድር ይሉታል። ሚስቱ መርየማ ደግሞ አንድ ቃል አማርኛ የላትም። እንደገባሁ ደረቴ ላይ የተጠቀለለውን ጋቢ አየች፣ ፊቷ ተለወጠና ወደ ጓዳ ሮጠች። ወተት አሙቃ በትንሽ ቅል ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። እኔም ተቀብዬ ጠጣሁት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ሌላ አሙቃ መጣች፤ እሱንም ጠጣሁ። አሁን መጮህ ጀመረች። «ዳኢማ! ዳኢማ!» ትላለች ደረቴን እያሳየች። ወልዴ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«ምን ትላለች?» አልኩት።

«‹ሕፃኑ› ነው የምትለው። የሕፃኑን ወተት ለምን ትጠጣለህ፣ እናቱስ የት ሄደች፣ ለምንስ አያለቅስም ነው ጥያቄዋ።»

ጋቢውን ፈታሁላት። በራዱ ሲያብረቀርቅ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ከድርም ሳቀ። እኔ የደጃዝማች ጸሐፊ ነኝና ልኮሳተር ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ከድር በራዱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ሻህ!» አለ። ጊኒር ገበያ ወርዶ ከሶማሌ ነጋዴዎች ጋር ሻይ ጠጥቶ ያውቃል። እነሱ በወተት አፍልተው፣ ቅመም ጨምረው ነው የሚጠጡት አለኝ በወልዴ በኩል። ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ ደጅ በረዶው ጣራውን ይደበድባል፣ በራዱ ደግሞ ፊቴ ነው። የፊታውራሪን ዕቃ ከፊታውራሪ በፊት መንካት ነውር ነው። ያንን አውቄ ቅጠሉ የተሰፋበትን ቆዳ ፈታሁ። ለራሴም «መንገድ ላይ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ መፈተሽ አለበት» አልኩ።

መርየማ ወተቱን አፈላች፤ ኮረሪማ ወቅጣ ጨመረችበት። ስኳር የለም ስል ከድር ቀፎ ማር አመጣ። ሁሉንም በራዱ ውስጥ ከተትን። ከዚያ እኔ ተነሥቼ አሠራሩን አስረዳሁ፤ ደጃዝማች ለእንግዶቻቸው የሚናገሩትን ንግግር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ክዳኑን ሳብኩ፣ ቀዳዳዋን ደፈንኩ፣ ተጫንኩ። ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር ስኒው በትክክል የት መቀመጥ እንዳለበት ነው። የመጀመሪያው ሻይ ጭኔ ላይ ወረደ። ሁለተኛው ስኒ ውስጥ ገባ።

ስለዚያ ስኒ ትንሽ ልበል። በደጃዝማች ቤት ሻይ ሲጠጣ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይጎነጫል፣ ከዚያ በራዱን ያመሰግናል። እኔ ግን ሻይ ምን ምን እንደሚል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ትኩስነቱ መጀመሪያ ከንፈርን ይነካል፤ ወተቱ ይለሰልሳል፤ ማሩ ወደ መጨረሻ ይመጣል፣ የአበባ ሽታውም አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ጣቶቼ ተፍታቱ። ከድር እየተጎነጨ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ደግሞ ስኒዬ ጎደል ባለ ቁጥር ያዘኛል። «ጠጣ! ድገም!» መርየማ ክዳኑን መጫን ስለወደደች ሌላ ሰው አላስነካም አለች። የቀዳችልን ሁሉ ስኒው ውስጥ ገባ።

ረቡዕ በቅሎዋ አነከሰችና እዚያው ዋልን። መርየማ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚለወሰውን ጩኮ አቀረበችልኝ። የእኛ አገር ጭኮ ነው ብዬ ላመሳስለው ነበር፤ ግን እኛ ቤት ቅቤው በስም ብቻ ነው ያለው። ያን ቀን ነው ከድርን ስለ ኑሮው የጠየቅሁት። ከፊቱ ‹አንተ› ማለት ከብዶኝ ስለነበር ‹እርስዎ› እለዋለሁ፤ እሱ ግን አማርኛው ውስጥ ‹እርስዎ› ስለሌለ አንተ ይለኛል።

«ለማን ነው የሚገብሩት?» አልኩት።

ሁለት ጣት አወጣ። «ጌታ ሁለት። አንድ ሮቤ፣ አንድ ጎባ። ይሄ ማር አምጣ ይላል። ያ ማር አምጣ ይላል።» ትከሻውን ሰበቀ። «ንብ ግን አንድ።»

ቀሪውን በወልዴ በኩል ነገረኝ። መሬቱ ሲደለደል የእሱ ቤት ለሁለት ወታደሮች ተመድቧል። ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ። ወታደሮቹ ሲጣሉ እሱ መሀል ገብቶ ያስታርቃቸዋል፤ ካልታረቁ ሁለቱም እሱን ይቀጡታልና። ቅዳሜ ፊታውራሪ ዘንድ ክርክሩ ይሰማል፤ እሱም ጎባ ይጠራል። «ከሁለቱ ማን ቢረታ ይሻልዎታል?» አልኩት። ሁለቱን ጣቶቹን ደግሞ አወጣና ሁለቱንም አጠፋቸው። ስንለያይ አንድ ገንቦ ማር ሰጠኝ፤ ለበራዱ ነው አለኝ።

ሐሙስ ሮቤ ደረስን። የማይገኝ ነገር የለም የተባለው ገበያ ሰፊ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ የከብት እበት፣ የተሰበረ ገንቦና አንድ የተኛ ውሻ አለ። ወልዴን «ገበያው የታለ?» አልኩት። «ሮቢ ማለት እኮ ረቡዕ ማለት ነው ጌታዬ። ዛሬ ሐሙስ ነው» አለኝ። ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ያውቃሉ ብዬ ነው አለ።

ማረፊያ ያገኘነው ሜዳው አጠገብ ከሰፈሩ ባሻ ተክሌ ከሚባሉ የመንዝ ሰው ቤት ነው። ያገሬ ሰው መጣ ብለው አቅፈው ሳሙኝ፤ የራሳቸውን መደብ ለቀው እኔን አስተኙ። ደግነታቸውን አልረሳም። ግን አንድ ጊዜ መናገር ከጀመሩ አያቆሙም።

«ወንድሜ፣ እዚህ አገር ሰው የለም» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ አንዱ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ አንዷ እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ ሌሎች ደግሞ ጓሮ አጥር ያጥራሉ። «ጤፍ ዘራሁ፤ ውርጭ በላው። ጌሾ ተከልኩ፤ ውርጭ በላው። ገብስ ብቻ ነው የሚበቅለው።»

«ገብሱን ማን ዘራው?» አልኳቸው።

«ገባሮቹ ናቸዋ።»

«ቤቱንስ ማን ሠራው?»

«ገባሮቹ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አገር አቀናሁ!» አሉና ደረታቸውን መቱ።

ከዚያ ወደ ክርክራቸው ገቡ። አጋርፋ በኩል ከድር የሚባል ገባር አላቸው፤ ማሩ በአገሩ የሌለ ነው። ሃምሳ አለቃ ብዙነህ የሚባል የጎባ ወታደር ግን በጉልበት የእኔ ነው ይላል። «ሌባ ነው! የሰው ገባር ይዘርፋል!» አሉ ባሻ። እኔም የከድርን ማር የያዘውን ገንቦ በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ጨለማው ገፋሁት።

ዓርብ ረፋድ ጎባ ገባን። ከተማዋ ተራራው ሥር በእንጨት አጥር ተከባለች። ከላይ ደመናው ተኝቶባታል፤ ብርዱ ደግሞ እንጦጦን በጋ ያስመስለዋል። ፊታውራሪ ጎባ ከአዲስ አበባ አታንስም ያሉት በጭቃው ከሆነ እውነታቸውን ነው። እሳቸውን ያገኘኋቸው በርኖስ በበርኖስ ላይ ደርበው እሳት ዳር ተቀምጠው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው። በራዱን ፈትቼ ፊታቸው ሳስቀምጥ ክዳኑን ሳብ መለስ አደረጉት።

«ደጃዝማች በየትኛው ጣት ነው የሚደፍኑት?» አሉ በመጨረሻ።

«በአውራ ጣት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እኔ በሌባ ጣት እደፍናለሁ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው «ተዉ! በሌባ ጣታቸው ይቀዳሉ ተብሎ ይወራብዎታል» አሉ። ፊታውራሪ ጣታቸውን አይተው ወደ አውራ ጣት ተመለሱ።

ወዲያው መቅመስ ፈለጉ። ግን ዓርብ ነውና የነፍስ አባታቸው መምሬ ጥሩነህ ተጠሩ። ሻይ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? መምሬ ቅጠሉን አሸተቱት፣ አሹት፣ ብርሃን ላይ ያዙት። የበሰለ ቅጠል ስለሆነ ከጎመን ይቆጠራል አሉ። ጎመን ደግሞ የጾም ነው፤ ግን ከቅዳሴ በፊት አይበላም። ከዚያ በራዱ ሲቀዳ አሳየኋቸው፤ ባዶ ውሃ ነበር። ማንም ሳያዘነብለው ውሃው ሲወርድ አይተው ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ቅጠሉን ፈቅጃለሁ። ዕቃው ግን እስከ ነገ ጸበል ይረጭበት» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ለሁሉም ተስማማ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ፊታውራሪ ወታደሮቹንም የአገሩን ባላባቶችም ጠርተዋል። ክርክሩ የሚሰማው በሻይ እንዲሆን አዘዋል፤ አዲስ አበባ እንደዚያ ነው የሚደረገው ብለው ሰምተዋል። ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ባሻ ተክሌ በአንድ ወገን፣ ሃምሳ አለቃ ብዙነህ የሚባለው ወፍራም ሰው በሌላ ወገን ቆመዋል። ከድር ከበሩ አጠገብ ነው። ሲያየኝ በጭንቅላቱ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም መለስኩለት።

ፊታውራሪ ክዳኑን ማንም እንዳይነካው ከልክለው ራሳቸው ለመቅዳት ተነሡ። ቀስ ብለው ይጫኑት ብዬ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ ጠላት ሲጫኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሲጫኑት ሻዩ ከስኒዎቹ በላይ ተወርውሮ ሁለቱን ባለጉዳዮች ከአንገት እስከ ወገብ አለበሳቸው። ባሻ ተክሌ በትኩስ ሻይ እየተቃጠሉ መሬት ሳሙ። «እግዜር ይስጥልን ጌታዬ!» ሃምሳ አለቃም ተከትለው ሳሙ። ያልደረሳቸው መኳንንት በቅናት ሲተያዩ አየሁ።

ክርክሩ ሄደ። ሁለቱም የየራሳቸውን ምስክር አቆሙ፤ ሁለቱም በታቦት ማሉ። ከድርን ማንም አልጠየቀውም። ፊታውራሪ በከድር ማር የጣፈጠውን የተረፈ ሻይ እየጠጡ አሰቡና እጃቸውን አነሡ።

«ሁለታችሁም ወንድማማች ናችሁ። ለአንዱ ብሰጠው ሌላው ይቀየመኛል። ስለዚህ ሁለታችሁንም ነስቻችኋለሁ። ይህን ገባር በራድ ላመጣልኝ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ!»

አዳራሹ እልል አለ። ወልዴ ከኋላዬ «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። ይህን ፈልጌ ነበር የመጣሁት። ከድርን አየሁት፤ እሱም ያየኛል፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ደስታም የለም፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ እንደሚመለከት ሰው ነው የሚያየኝ። መርየማ ወተት ይዛ ፊቴ የቆመችው ታወሰኝ። እኔ ዝም ብል፣ ሌላ ምንም ሳላደርግ ዝም ብል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ቀፎ የእኔ ነበር። ስጦታውን አልፈልግም ብል ደግሞ ፊታውራሪን መስደብ ነው፤ ከድርም ተመልሶ ለሁለቱ ይቀራል።

መሬት ሳምኩና ያላሰብኩትን ተናገርኩ።

«ጌታዬ ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ረስቼ ሳልነግርዎ ቀረሁ። አዲስ አበባ በራድ ያለው ትልቅ ቤት ሁሉ የሻይ አዛዥ አለው። የሻይ አዛዥ የሌለው በራድ እንደ ተራ ማንቆርቆሪያ ነው የሚቆጠረው።»

ይህ ውሸት ነው። ደጃዝማች እንኳን የሻይ አዛዥ፣ የሻይ ማጥለያም አልነበራቸውም።

ፊታውራሪ ቀና አሉ። «ደጃዝማች የሻይ አዛዥ አላቸው?»

«አላቸው ጌታዬ። አዛዡ ማሩን ያቀርባል፣ በራዱንም ይጠብቃል። ሹም ስለሆነ ግን ለማንም አይገብርም። ይህ ሰው ሻይ ያውቃል፤ ማሩንም ዛሬ ቀምሰውታል። ለእኔ ከሚሰጡት ለበራዱ ይስጡት።»

ፊታውራሪ ከደጃዝማች የሚያንሱበትን ነገር ሲሰሙ ትዕግሥት የላቸውም። ከድር እዚያው ቆሞ የሻይ አዛዥ ተባለ። አንድ አሮጌ ካባ አለበሱት፤ ለቁመቱ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ወልዴ ሹመቱን በኦሮምኛ ሲያስረዳው ከድር ካባውን ዳበሰና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ተክሌ ማር አምጣ ሲል?»

«አላመጣም ይበሉ» አልኩት።

ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋገመው። «አላመጣም። አላመጣም። አላመጣም።» አማርኛው ላይ አዲስ ቃል ተጨመረለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የፊታውራሪ በር በሰው ተጨናነቀ። አገር ያቀኑት ወታደሮች ሹመት ሊለምኑ መጥተዋል። አንዱ የስኒ አለቃ፣ አንዱ የውሃ ቀጂ ባሻ ልሁን ይላል። ሃምሳ አለቃ ብዙነህ ክዳን ጠባቂ ሆኑ። ባሻ ተክሌ የሻይ ቅጠል መርማሪ ልባል ብለው ቢማጸኑም ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያልቅ እንደሆነ ተነግሯቸው በቁጣ ወደ ሮቤ ተመለሱ። ኋላ ከነጋዴዎች እንደሰማሁት ፊታውራሪ ወደ ሌላ አገር ሲሾሙ በራዱን ይዘው ሄዱ። በእሳቸው ቦታ የመጣው ሹም ሻይ አይወድም ነበር፤ ግን በራድ የሌለው ሰው መባልን ፈርቶ የሻይ አዛዡን ከነሹመቱ አስቀረው።

ሰኞ ከጎባ ስንወጣ ከድር አብሮን ወጣ። ማክሰኞ ቤቱ ደረስን። መርየማ ካባውን አይታ ዞራ ዞራ ሳቀችበት፤ ከዚያ ጥብቆ ለመሥራት ይበቃል ብላ ወሰደችው። ጩኮ በቆዳ ስልቻ ሞልታ ጫነችልኝ። ከድር ገደሉ አፋፍ ድረስ ሸኘኝ። ፊታውራሪ ሻይ ሲያምራቸው እስከ ጎባ መሄድ አይከብድዎትም ወይ ስለው፣ መልክተኛ እስኪመጣና እሱ እስኪደርስ አምሮታቸው ይወጣላቸዋል አለኝ በወልዴ በኩል።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ነበረና በቅሎዬ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጠየቅሁት። «ኦቦ ከድር፣ ቅዳሜ ዕለት ለእኔ ሲሰጡዎት ከፋዎት?»

ወልዴ ሊተረጉም ሲል ከድር እጁን አንሥቶ ከለከለው። ራሱ ሊመልስልኝ ፈልጓል።

«አልከፋም» አለኝ።

ደስ አለኝ። ያንን ማርና ወተት አብረን ጠጥተን፣ አብረን ስቀን፣ እንዴት ይከፋዋል አልኩ በልቤ። ከአፉም መስማት ፈለግሁና «ለምን?» አልኩት።

ከድር ወደ ሮቤ ጠቆመ። «ተክሌ ቅርብ።» ወደ ጎባ ጠቆመ። «ብዙነህ ቅርብ።» ከዚያ ከዋቤ ማዶ ያለውን ተራራ፣ ከተራራውም ወዲያ ያለውን በረጅም ክንዱ አሳየኝና በደግ ፊቱ ፈገግ አለ።

«አንተ ሩቅ።»